መቶ ሺህ ተጠቃሚ፣ መቶ ዶላር፦ ስለ ጉዞ መተግበሪያ ገቢ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ጉዞ መተግበሪያ ገቢ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በደብረ ብርሃን ወጣቶች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው ሰሜን ሸዋን ምሳሌ አድርገዋል፤ አንኮበርን፣ የመንዝ ጓሳን፣ የጣርማ በርን ዋሻና ደብረ ሊባኖስን እየጠሩ፣ ይህን ሁሉ የሚያሳይ መተግበሪያ የሠራ ሰው ገንዘብ እንደማያጣ ይነግሩናል። ምክራቸው ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በነፃ መቶ ሺህ ተጠቃሚ ሰብስቡ፤ ከዚያ ማስታወቂያ ጫኑበት፤ ወይም መተግበሪያውን በ50 ብር ሽጡት። ጎግልና አፕል ከማንኛውም ክፍያ 30 በመቶ ስለሚቆርጡ ገንዘብ በመተግበሪያው ውስጥ አትቀበሉ። ከማረፊያዎች 25 በመቶ ኮሚሽን ውሰዱ። የአገር ውስጥ ተጓዥ ስለማይከፍል በእንግሊዝኛ ብቻ ለውጭ ጎብኚ ሥሩ። የተጓዡን መረጃም ሽጡ። በመጨረሻም «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ደንብ አውጡ።

እኔ በዚሁ ከተማ ለአንዲት አነስተኛ የጉዞ መተግበሪያ የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፤ ገንዘቡ ከየት እንደገባና ወዴት እንደወጣ ግን አውቃለሁ። ጽሑፉን ሳነብ የከነከነኝ ሐሳቡ አይደለም፤ አንድም ቦታ ላይ ደምሮና አባዝቶ አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ እኔ ልደምር።

ከማስታወቂያው ልጀምር፣ ጸሐፊው «አስተማማኙ መንገድ» ያሉት እርሱን ስለሆነ። የሞባይል ማስታወቂያ የሚከፈለው በሺህ እይታ ሒሳብ ነው። የዋጋው መጠን እንደ አገሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ማስታወቂያው ዓይነት ይለያያል፤ ለስሌት እንዲመቸን በሺህ እይታ 1 ዶላር ብለን እንያዝ። ጸሐፊው የተመኙት መቶ ሺህ ሰው ተሰብስቧል እንበል። አሁን ጥያቄው የጉዞ መተግበሪያን በወር ውስጥ ስንቱ ሰው ይከፍተዋል የሚለው ነው። የአየር ሁኔታ ወይም የእግር ኳስ ውጤት ቢሆን በየዕለቱ ይከፈታል። አንኮበር ለመሄድ የተጫነ መተግበሪያ ግን አንኮበር ተሂዶ ከተመለሱ በኋላ ስልክ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። በለጋስነት ከአሥሩ አንዱ በወሩ ይጓዛል ብንል 10,000 ሰው ነው። እያንዳንዱ አሥር ማስታወቂያ ቢያይ 100,000 እይታ ይሆናል። በሺህ 1 ዶላር ሲታሰብ ወርሃዊ ገቢው 100 ዶላር ነው።

መቶ ሺህ ሰው፣ መቶ ዶላር። የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት የሆነው አድሞብ ሒሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ ክፍያ አይልክም። ጸሐፊው ያለሙት ሁሉ ተሳክቶ ከበሩ ላይ የሚያደርስ ገቢ ማለት ነው። ተጠቃሚው 5,000 ብቻ ለሆነ ጀማሪ ደግሞ ይኸው ስሌት 5 ዶላር ይሰጣል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ወጪውስ? መተግበሪያው የተቀመጠበት ሰርቨር በዶላር ይከፈላል። የጎግል ካርታ ቦታ ለመፈለግና መንገድ ለማስላት ሲጠሩት ከተወሰነ መጠን በላይ በአጠቃቀም ልክ ያስከፍላል፤ «ካርታው በነፃ ነው» የሚለው የጽሑፉ አረፍተ ነገር ሊታረም ይገባዋል። በነፃ የሚገኘው በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ካርታ ነው፤ እርሱም ቢሆን የመረጃውን ምንጭ በግልጽ መጥቀስ ግዴታ ነው። ለገጠሩ መንገድ ደግሞ ራስዎ ሄደው ካልሞሉት ባዶ የሚሆንበት ቦታ አለ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ኔትወርኩም አንዴ መጣ አንዴ ሄደ ሲል፣ ተጓዡ የአስጎብኚውን ስልክ ቁጥር ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን የጨዋታ ማስታወቂያ ብቅ ብሎ የኢንተርኔት ጥቅሉን እየበላ ለመጫን ሲታገል አስቡት። ያ ሰው መተግበሪያውን የሚያጠፋው ቤቱ እስኪደርስ ጠብቆ አይደለም።

ማስታወቂያ ሁሉ ከንቱ ነው አላልኩም። ደብረ ሲና ላይ መኪና የሚቆምበት ምግብ ቤት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ፣ መንገደኛ የሚፈልገው ጋራዥ፣ እነዚህ ለአንድ ወር በገጹ ላይ ለመታየት ቁርጥ ያለ ዋጋ ይከፍላሉ። ገንዘቡ በብር ነው፤ በእይታ ብዛት አይሰላም፤ ለተጓዡም ጥቅም አለው። ችግሩ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ተኝቶ ማግኘት አለመቻሉ ነው። ከሱቅ ሱቅ በእግር እየዞሩ ይሸጡታል፤ በወሩ መጨረሻም ዞረው ይሰበስቡታል።

መተግበሪያውን በ50 ብር መሸጥ የሚለውን ብዙ አልገፋበትም። የጎግል ፕሌይ ክፍያ በዋናነት ዓለም አቀፍ ካርድ ይፈልጋል፤ የአብዛኛው ሰው የኤቲኤም ካርድ ደግሞ ለውጭ ክፍያ አይሠራም። ይህንን በአንድ መላ አለፍን ብንል እንኳ 50 ብሩ የሚገባው አንድ ጊዜ፣ የሰርቨሩ ዶላር የሚወጣው ግን በየወሩ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በብር አንዴ ተቀብሎ በዶላር ዕድሜ ልክ ለማገልገል ቃል የሚገባ ነጋዴ አላውቅም።

ወደ 30 በመቶው እንምጣ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ወጣቶችን በቀጥታ ወደ ተሳሳተ መንገድ ስለሚመራ ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ። በመጀመሪያ ደረጃ 30 የሚለው ቁጥር ራሱ ለጀማሪ አይሠራም። ጎግልም አፕልም እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ ባዋሉት አሠራር ዓመታዊ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ላልበለጠ አነስተኛ ሠሪ ድርሻቸውን ወደ 15 በመቶ አውርደዋል። ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ድርሻ የሚቆርጡት በስልኩ ውስጥ ከሚሸጥ ዲጂታል ነገር ነው፤ ከጨዋታ፣ ከወርሃዊ ደንበኝነት፣ ከተቆለፈ ይዘት። ከስልኩ ውጭ ለሚፈጸም አገልግሎት፣ ማለትም ለአልጋ፣ ለአውቶቡስ ወንበር፣ ለአስጎብኚ፣ ለበቅሎ ኪራይ፣ የእነርሱን የክፍያ ሥርዓት መጠቀም ግዴታ ካለመሆኑም በላይ ደንባቸው ራሱ ሌላ የክፍያ መንገድ እንድትጠቀሙ ያዛል። ስለዚህ መሐል ሜዳ ያለ ሰው ለጓሳ ጎብኚ በቅሎ ሲያከራይና ክፍያው በቴሌብር ሲፈጸም፣ ጎግል ከዚያ ብር ላይ ሳንቲም አይነካም።

ጸሐፊው ይህንን ልዩነት ስላላዩ «ክፍያውን አውጡት፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ለጥፉ» ብለው መከሩ። ገንዘቡን ከመተግበሪያው ያስወጣ ሰው ገቢውን አብሮ አስወጥቷል። ስልክ ቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ የስልክ ማውጫ ነው፤ ለስልክ ማውጫ ደግሞ ማንም ኮሚሽን አይከፍልም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወዳስገረመኝ ነጥብ ደረስኩ፤ «የአገር ውስጥ ተጓዥ አይከፍልም» ወደሚለው። ጸሐፊው አንድ እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ የአንዱን ደብር ደጅ ቢያዩ ይህንን ባልጻፉ ነበር። ግንቡ ላይ የተለጠፉት ወረቀቶች ምን ይላሉ? ጉዞ ወደ ጻድቃኔ ማርያም። ጉዞ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ። ጉዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ። ከሥራቸው ዋጋው፣ መነሻ ሰዓቱና ሁለት ስልክ ቁጥር አለ። በሰሜን ሸዋ የአማራውንም የኦሮሚያውንም ዞን ብንደምር በዓመት ውስጥ ከፍሎ የሚጓዘው ምእመን ከውጭ ጎብኚው ጋር ለውድድር የሚቀርብ አይደለም። ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24፣ ግንቦት 12፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓላት ሲደርሱ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወርደውን የአውቶቡስ ሰልፍ አይቶ «አይከፍልም» ማለት ይከብዳል። የምንጃሩን የኢራንቡቲ ጥምቀት ጨምሩበት።

ይህ ገበያ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፣ ገንዘቡ ያለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነውና። አስተባባሪዋ አንድ ደብተር አላት። በአንዱ አምድ ስም፣ በሁለተኛው ስልክ፣ በሦስተኛው «ቀብድ»፣ በአራተኛው «ቀሪ» ተብሎ ተሰምሯል። ሰዉ በቴሌብር ወይም በባንክ ይልክና የማረጋገጫውን ፎቶ በቴሌግራም ይሰድላታል። ገንዘቡ የመጣው በባልየው ስም፣ ደብተሩ ላይ የተመዘገበችው ሚስት። አንዱ ለሦስት ሰው ከፍሎ የሁለቱን ስም ብቻ ነግሯታል። ማታ ማታ ቁጭ ብላ የመልእክቶቹን ስምና የደብተሩን ስም ታስተያያለች። የአውቶቡሱ ባለቤት በበኩሉ የኪራዩን ከፊል አስቀድሞ ይፈልጋል፤ ወንበሩ ሞላ አልሞላ የእርሱ ጉዳይ አይደለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መነሻው ቦታ ስትደርስ አምስት ሰው ይቀራል፤ ስልካቸው አይነሳም፤ ከመካከላቸው ቀብድ ያልከፈሉ አሉ። የባዶውን ወንበር ዋጋ የምትሸከመው እርሷ ናት።

ይህቺን ሴት ስለ መቶ ሺህ ተጠቃሚ ብታወሯት አትሰማችሁም። ከፋዩን ከወንበሩ ጋር ራሱ የሚያገናኝ፣ ቀብድ ያልከፈለውን ከሁለት ቀን በፊት የሚያስታውስና ወንበሩን ለተጠባባቂ የሚሰጥ መሣሪያ ግን ብትሰጧት ለእያንዳንዱ ወንበር ጥቂት ብር ለመክፈል አታመነታም። ወንበሩን በ10 ብር እንኳ ብናስበው አንድ 50 ሰው የሚጭን አውቶቡስ 500 ብር ያስገባል። በአንድ ታላቅ በዓል ሃያ አውቶቡስ በመተግበሪያው ቢመዘገብ 10,000 ብር ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገውም ሃያ አስተባባሪ እንጂ መቶ ሺህ ሰው አይደለም። ተጓዡ መተግበሪያውን መጫን እንኳ የለበትም፤ የወንበር ቁጥሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢደርሰው ይበቃዋል። የአጭር መልእክቱን ወጪ ከአሥር ብሩ ላይ ቀንሱ፤ የሚተርፈው አሁንም ከማስታወቂያው ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። የመተግበሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን የተባለው የዚህን ገበያ በር ከውስጥ መቆለፍ ነው። አስተባባሪዋም፣ ሹፌሩም፣ የማረፊያው ባለቤትም የሚሠሩት በአማርኛ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ደግሞ ኦሮምኛው የግድ ያስፈልጋል።

ስለ ውጭ ጎብኚ ጸሐፊው የተናገሩት ሁሉ ውድቅ አይደለም። ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው ከሌላው ይለያል። በአንኮበር አካባቢ ገደል ላይ የምትገኝ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትታይ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ለሳይንስ የታወቀችው በ1970ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ሲሆን ስሟንም ከአንኮበር ወስዳለች። እርሷን ፍለጋ ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው ያለ ኔትወርክ ለሚሠራ ጥሩ ካርታና ለታመነ አስጎብኚ በዶላር ደንበኝነት ይከፍላል፤ 15 በመቶው ለጎግል ቢሄድም ያዋጣል። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለማየት የሚመጣውም እንዲሁ። ነገር ግን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው የጸጥታ ሁኔታም ይበልጥ ቀንሷል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም አይዘነጋም። ደሞዝ የሚከፈልበትን ገቢ በዚህ ላይ ብቻ መትከል አይቻልም፤ ተጨማሪ ይሁን።

ኮሚሽኑን በተመለከተ ጸሐፊው ትልልቆቹን የዓለም ድርጅቶች ጠቅሰው «25 በመቶ የተለመደ ነው» ይላሉ። ቡኪንግ ዶት ኮም ከማረፊያዎች የሚወስደው በአብዛኛው ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ነው፤ 25 ከላይኛው ጫፍ ነው። እነርሱ ያንን ያህል መቁረጥ የቻሉት ደግሞ እንግዳው ከሌላ አህጉር ስለሚመጣና ለባለቤቱ በቀጥታ መደወል ስለማይቀናው ነው። የእኛ እንግዳ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ አክስት ወይም የአብሮ አደግ ወንድም የሌለው ስንቱ ነው? አልጋው 1,000 ብር የሆነ ፔንስዮን 250 ብር ቁረጥ ሲባል የሚያደርገው የታወቀ ነው። በመተግበሪያው ላይ ዋጋውን ያስወድዳል፣ ለደወለለት በ1,000 ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መተግበሪያው የታወቀ ውድ ሱቅ ይሆናል።

በዝቅተኛ ኮሚሽንም ቢሆን ሾልኮ መሄድ አለ። እንግዳና አስጎብኚ በመጀመሪያው ጉዞ ስልክ ይቀያየራሉ፤ ሁለተኛውን ጉዞ እኛ አናየውም። ይህንን በቁጣ ወይም ስልክ ቁጥር በመደበቅ መከላከል አይቻልም፤ የሚቻለው ሰዎቹ ስልክ በመቀያየር የማያገኙትን ነገር በመስጠት ነው። ለምሳሌ ደረሰኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ሥልጠና የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የአልጋ፣ የምሳና የመኪና ወጪያቸውን በሕጋዊ ደረሰኝ ማወራረድ አለባቸው፤ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝና በአንድ የተሟላ ሰነድ የሚያቀርብላቸው ካገኙ የአገልግሎት ዋጋ ላይ አይከራከሩም። ሌላው ጥቅል ነው፦ መኪና፣ ማረፊያ፣ አስጎብኚና በቅሎ በአንድ ቀጠሮ። አራት ሰው ጋ ከመደወል አንድ ጊዜ መክፈል ይሻላል የሚል ተጓዥ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ይመለሳል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ኮሚሽን የሚባል ነገር ባይነሳ እመርጣለሁ። የመንዝ ጓሳን ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት፣ ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ እየወሰነ፣ ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆ ያቆየው ነው። ከመግቢያ ክፍያው ላይ የምንቆርጠው ከጠባቂዎቹ ኪስ ነው። የአገልግሎት ክፍያ ካስፈለገ ከተጓዡ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይወሰድ።

የተጓዡን መረጃ ስለመሸጥ የተሰጠው ምክር አጭር መልስ ይበቃዋል፦ ሕገ ወጥ ነው። የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደሄደ ለሦስተኛ ወገን መስጠት ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ ላይ የሰዎችን እንቅስቃሴ መዝግቦ ለገዛ ሁሉ መሸጥ ሰው ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማሰብ ብዙ ምናብ አይጠይቅም። ጸሐፊው ይህንን አንቀጽ ቢያነሱት መልካም ነው።

የመጨረሻው «የተከፈለ አይመለስም» የሚለው ደንብ ነው። ጸሐፊው ይህንን ከገቢ ምንጮች ተርታ አስቀምጠውታል፤ በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ግን ዕዳ ነው። መንገድ በተዘጋ ቀን ሃምሳ ሰው ገንዘቡን ሲጠይቅ አይመለስም ቢባል፣ በቀጣዩ በዓል ያ አውቶቡስ በመተግበሪያው አይመዘገብም። ስለዚህ ደንቡ ከወዲሁ ተለይቶ መጻፍ አለበት፦ ተጓዡ ራሱ ከቀረ ቀብዱ ለአስተባባሪዋ ይቀራል፣ ባዶውን ወንበር የከፈለችው እርሷ ናትና፤ ጉዞው ከተሰረዘ ግን የእኛ የአገልግሎት ክፍያ ሳይቀር ሙሉው ይመለሳል። ገንዘቡ እስከ መነሻው ሰዓት የት ይቀመጥ ለሚለውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሌላውን ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ማቆየት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አንድ ወጣት በግል የባንክ ሒሳቡ የሃያ አውቶቡስ ቀብድ ሰብስቦ ቢቀመጥ ነገ ከማን ጋር እንደሚነታረክ አይታወቅም። ፈቃድ ካለው የክፍያ ድርጅት ጋር ውል ይግባ፤ የአስተባባሪዋ ድርሻ በቀጥታ ወደ እርሷ፣ አሥር ብሩ ወደ እኛ ይግባ። ውሉ ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢጀመር ይመረጣል፤ ለነሐሴ 24 የሚሠራ ሰው በሰኔ አስተባባሪዎቹን ማነጋገር ይኖርበታል።